ዳገት ወጥቶ መለመን

እንግሊዝ አገር ሰው ለመሮጥ ይከፍላል። ይህን ለእናቴ በስልክ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር።

«የሚከፍሉህ እነሱ አይደሉም እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።»

«ብታሸንፍስ?»

«አላሸንፍም።»

ትንሽ ዝም አለችና «ለመሆኑ ጤናህ ደህና ነው?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። እኛ አገር ሩጫ እንጀራ ነው። ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚያ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስንቱን ልጅ ለወግ አብቅቷል። ጎህ ሲቀድ ዳገት የሚቧጥጠው የበቆጂ ልጅ ራሱንም ቤተሰቡንም ለመለወጥ ነው የሚሮጠው። ከኪሱ ከፍሎ፣ ከኋላ እንደሚገባ እያወቀ የሚሮጥ ጎልማሳ ለእናቴ ትውልድ ያመመው ሰው ነው።

እኔ የሮጥኩት የለንደኑን አይደለም። የለንደን ማራቶን በፈረንጆቹ ከ1981 ጀምሮ የሚካሄድ፣ በአንድ ቀን ለበጎ አድራጎት በሚሰበሰብ ገንዘብ ዓለም ላይ አቻ የሌለው ድግስ ነው። የእኔው ከአንዲት ትንሽ ከተማ አደባባይ ተነስቶ፣ በበግ ግጦሽና በእርሻ መንገድ አቀበት ቁልቁለት ሲል የሚውል ነው። ሯጩ ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። አዘጋጆቹ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ ገበሬዎችና የሮታሪ ክለብ አባላት ናቸው። አንድም ደመወዝተኛ የለም።

ገቢው ለሁለት ነገር ይውላል። አንዱ ሆስፒስ ነው። ሐኪም «ከዚህ በኋላ አይድንም» ያለው ሰው ሕመሙ እየታገሰለት፣ በክብር እየታገዘ የሚቆይበት ቤት ማለት ነው። ሌላው ሄሊኮፕተር አምቡላንስ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኔ ስመጣ ሄሊኮፕተሩ የመንግሥት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የአየር አምቡላንስ በዋናነት የሚበረው ሕዝብ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ሆስፒሶችም ከወጪያቸው ትልቁን ድርሻ የሚሸፍኑት በልመና ነው። እንዲህ ያለ ሀብታም አገር ከትራክተር የወደቀ ገበሬውን ለማንሳት አሮጌ ልብስ ይሸጣል፣ ሎተሪ ያዞራል፣ ሰው ዳገት ያስወጣል። «ውጭ አገር ሁሉን መንግሥት ይሸፍናል» የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህችን ንገሩልኝ።

ወደ ሩጫው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በሁለት መንገድ ነው። መመዝገቢያው አለ፣ እሱ ትንሽ ነው። ዋናው ስፖንሰር ነው። ሯጩ ኢንተርኔት ላይ የራሱን ገጽ ይከፍታል። ለሥራ ባልደረባ፣ ለጎረቤት፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ወላጆች ሊንኩን ይልካል። «በዚህ ቀን 42 ኪሎ ሜትር ዳገት ልወጣ ነው፣ ለሆስፒሱ የምትችሉትን አድርጉ» ይላል። ሰጪው ግብር ከፋይ ከሆነና አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ካደረገ፣ በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት ከተከፈለው ግብር 25 ፔንስ ይጨምራል። ጊፍት ኤይድ ይሉታል።

መጀመሪያ ላይ ሊገባኝ ያልቻለው ዳገቱ ነው። ሆስፒሱ ገንዘብ ካስፈለገው ለምን በቀጥታ አይጠይቁም? የመሥሪያ ቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ለሆስፒስ እንድትሰጥ እኔ ለምን ጭኔ መተርተር አለበት?

መልሱ የመጣልኝ ከራሳችን ሰዎች ነው። ሊንኩን ሐበሾች ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ለጠፍኩት። መልስ ወዲያው ጎረፈ። «ለማን ነው?» «ምን ሆኖ ነው?» «ፎቶ የለውም እንዴ?» አንዱማ «ወንድሜ፣ አንተ አትልፋ፣ የታማሚውን አካውንት ላክና እናስገባለት» አለኝ። ከልቡ ነው። እሱ ለስንቱ የኩላሊት እጥበት እንዳዋጣ አውቃለሁ። ግን ታማሚውን ማየት ይፈልጋል።

ፎቶ የለም። ሆስፒሱ ውስጥ ማን እንደተኛ ሯጩም አያውቅም፣ ሰጪውም አይጠይቅም። ገጹ ላይ ያለው ፎቶ የእኔ ነው፣ ቁምጣ ለብሼ፣ ቦርጬን ውጬ።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሌላኛውን መንገድ ያውቀዋል። ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው በሩ ላይ አንዲት ሴት ትቆማለች። እጇ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አለ። የሆስፒታል ማኅተም አለው። ከሥሩ የልጇ ፎቶ፣ አንዳንዴም ቁስሉ ጭምር። ወይ መኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የአንድ ወጣት ስም፣ ሰፈር፣ የበሽታው ዓይነት ከተማውን ሲዞር ይውላል። ሰው ይሰጣል። ተማሪው ከታክሲ ሒሳቡ ቀንሶ ይሰጣል። ደግነታችን ላይ ጥያቄ የለኝም፣ እንግሊዝ በዚህ አያስተምረንም። ግን ለመታከም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ገመናውን አደባባይ ማስጣት አለበት። ድኖ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ያ ፎቶ ቀድሞት ደርሷል። ሥራ ሲያመለክት፣ ሚስት ሲፈልግ «ያ ኩላሊቱን የታመመው» ነው።

እዚህ ደግሞ ራሱን የሚያሳየው ጤነኛው ነው። የሚያለከልከው፣ የሚያነክሰው፣ ሰው የሚስቅበት እሱ ነው። ታማሚው ስሙ ሳይጠራ አልጋው ላይ ነው። ዳገቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ይመስለኛል። ሰዎቹ ባዶ እጅ ዘርግቶ መለመን ያፍራሉ። ላብ ካፈሰሱ በኋላ ግን አያፍሩም።

ዳገቱን ላሳያችሁ። ጠዋት መለያ ቁጥር ሲሰጡኝ ከጀርባው እንድሞላ አዘዙኝ። የሚደወልለት ሰው፣ የምወስደው መድኃኒት፣ የአለርጂ ነገር። ብዕሩን የሰጡኝ ሴትዮ አገሬን ጠየቁኝና ስነግራቸው ለመላው አዳራሽ «አሸናፊያችን መጣ!» ብለው አወጁ። ጥፋቱ የእነ አበበ ቢቂላ ነው። ከ1960ው ሮም ወዲህ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ዝግ ብሎ መሮጥ ማስረዳት ይጠይቃል። በ2024 ደግሞ ታምራት ቶላ ነገሩን አባሰው። የፓሪሱ ኦሊምፒክ ማራቶን ተደምሮ 436 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ነበር። እሱ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨረሰው። አዛውንቶቻችን አበበም ሮም የሄደው በዋሚ ቢራቱ ቦታ ነው ይላሉ። ተጠባባቂ ስንሆን ይቀናናል መሰለኝ።

የመጀመሪያው አቀበት ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ይጀምራል። ግራና ቀኙ በድንጋይ የታጠረ ጠባብ መንገድ ነው፣ በጎች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያዩሃል። ልምድ ያላቸው ሯጮች እዚያ ሲደርሱ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ተራመዱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እየተጨዋወቱ። ዳገት ላይ ሰዓት አይታይም፣ ትንፋሽ ነው የሚታየው። የሚገድለው እንዲያውም ቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ በየእርምጃው ውስጡ በጥቂቱ ይበጣጠሳል። በማግስቱ ደረጃ የወረድኩት ወደኋላ ዞሬ ነው።

በየመታጠፊያው አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው አለ። አንዱ ሰውዬ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ውሻቸው እግራቸው ሥር ተኝቶ፣ የቃላት እንቆቅልሽ ይሞላሉ። ሯጭ ሲመጣ ብዕሩን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይነሳሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ በእጃቸው ወደ ግራ ያመለክታሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ይህን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ያደርጋሉ። ዝናብ ነበር። ማንም አልከፈላቸውም፣ ማንም በቴሌቪዥን አላሳያቸውም።

ከሁሉም ያስገረመኝ የጅራቱ ነገር ነው። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ሁልጊዜ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይሄዳል። ትልቅ ላስቲክ ይዞ መንገድ የሚያመለክቱትን ቀስቶች ከአጥር እየፈታ፣ የወደቀ ኩባያ እየለቀመ። የሥራው ግማሽ ግን ማውራት ነው። የመጨረሻዋ ሴትዮ 60 ዓመት ያለፋቸው ይመስሉኛል። ባላቸው ያረፉት በዚያው ሆስፒስ ነው አሉ፣ ሲገቡ ከአንደኛው የበለጠ ተጨበጨበላቸው። አንደኛው ማን እንደነበር ማታ ላይ የሚያስታውስ አልነበረም። በስፖንሰር ሒሳብ ደግሞ ቀስ ብሎ የጨረሰ የሚቀነስበት ነገር የለም።

ይሁንና ነገሩ ሁሉ ወርቅ አይደለም። ባንክ የሚሠራው ሯጭ ሊንኩን ሲልክ ባልደረቦቹ ባንከሮች ናቸው። ያው አቀበት ላይ የወጣው ጓደኛዬ ሆቴል ያጸዳል። የእሱ ባልደረቦች ደመወዛቸውን ገና ሳይቀበሉ ወደየአገራቸው የሚልኩ ናቸው። የዚያኛው ገጽ በአንድ ሳምንት ሞላ፣ የእሱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ላባቸው ግን እኩል ነበር። ገጹ የሰጪውን ስምና የሰጠውን መጠን ስለሚያሳይ እኛ የሠርግ መዝገብ ላይ የምናውቀው ፉክክርም አለበት። አንዱ 50 ከሰጠ ቀጣዩ 10 ለመስጠት እጁ ይከብደዋል።

አገር ቤት ይህ የለም ማለቴ አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ አለ፣ ለበጎ አድራጎትም ይሰበስባል። 10 ኪሎ ሜትሩን ሕዝቡ የሚያጋምሰው እየዘፈነና እየጨፈረ ነው፣ በዚህ እንግሊዞቹ አይደርሱብንም። ሀዋሳም ግማሽ ማራቶን አላት። እኔ የማስበው ከዚያ ያነሰውን ነው። ስፖንሰር አድራጊ ቢራና ባንክ የማይደርስበትን ትንሽ ከተማ።

ይህን አገር ቤት ላለ የልጅነት ጓደኛዬ አወራሁት። የሚኖረው ደጋ ላይ ነው፣ ዳገት በሽበሽ ነው። እድራቸው ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ቅጽበት ውስጥ የሚሰበሰብ ሰው አለው። ከእንግሊዞቹ ኮሚቴ የሚያንሰው ሰደርያው ብቻ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፣ እስካሁን የሚለመንላቸው በፎቶ ነው። «ገንዘቡ በእድሩ አካውንት ይግባ፣ የታማሚው ስም አይጠራ፣ የሚሮጡት አስተማሪዎቹና ባለሱቆቹ ይሁኑ» አልኩት።

ወደደው። ግን ጥያቄ አላጣም። «ስሙ ካልተጠራ ገንዘቡ እንዳልተበላ ሰው በምን ያምናል?» አለ። ትክክል ነው። እኛ ፎቶ የምንጠይቀው ጭካኔ ኖሮብን ሳይሆን ስለተታለልን ነው። እዚህ በጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳቡን በየዓመቱ ለተቆጣጣሪ ያቀርባል፣ ማንም ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ያያል። የእድሩ ሒሳብ ሹም ግን ጎረቤት ነው፣ በየወሩ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ይጠየቃል። እሱ ከዌብሳይት ያንሳል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው ጥያቄው ሽልማት ነበር። ሽልማት ካለ ከየአካባቢው ፈጣኖቹ ልጆች ይመጣሉ፣ ባለሱቁ ያፍርና ይቀራል። ከሌለ ደግሞ «ምን ልናደርግ ነው የምንሮጠው?» ይባላል። ሽልማት አይኑር ተባባልን። ርቀቱንም ወደ 5 ኪሎ ሜትር አወረድነው፣ የቀበሌው መንገድ ከዚያ በላይ አይዘጋም። ነገሩን እሑድ ለእድሩ ሲያቀርብ ሊቀ መንበሩ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት አምቡላንስ ከየት እንደሚመጣ ነው። ጤና ጣቢያው ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ወላድ ያመላልሳል። አሁን የሚፈለገው የራሱን መኪና ለግማሽ ቀን በአምቡላንስ ፈንታ የሚያቆምልን ሰው ነው። ሰደርያውን እኔ እልካለሁ ብያለሁ።