የሁዳዴ ወተት

ሱሉልታ አክስቴ ቤት የደረስኩት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በማግስቱ ንጋት ላይ ሦስቱን የፈረንጅ ላሞቿን አልባ፣ ባለ 10 ሊትር ሁለት ጄሪካን በር ላይ አስቀምጣለች። ወተት ሰብሳቢው በሞተር መጥቶ አንዱን ብቻ አነሳ። «እማማ፣ ጾም ነው፤ ከተማው አይወስድልኝም» አላት። ላነሳውም ዋጋ ቀነሰባት። አልተከራከረችውም። የቀረውን ወደ ጓዳ መለሰችና «ላሟ ጾም አታውቅ የኔ ልጅ፤ ፉርሽካዋን በየቀኑ አምጪ ትላለች» አለችኝ።

የተወሰነው ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። ግን 55 ቀን ሙሉ ያን ሁሉ ወተት በየትኛው ክንዷ ትናጠው? ማታ ላይ ያደረውን ለጥጃ ስታጠጣ አየሁ። እኔን ያንገበገበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያንን ሳምንት አዲስ አበባ ያደርኩበት ዘመድ ቤት፣ የሦስት ዓመት ልጅ የሚጠጣው ከውጭ የገባ የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ነበር። በመሀላቸው ያለው እንጦጦ ብቻ ነው! ሕፃን አይጾም፣ ሙስሊሙ ጎረቤት ሁዳዴን አይጾም፤ ጠጪ ሳይጠፋ ወተቱ ጓዳ ያድራል።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በየካቲት፣ መሬቱ በረዶ እንደሆነ፣ ለአንድ ገበሬ የዓመቱን የአትክልት ሒሳብ አስቀድሜ እከፍላለሁ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በየሳምንቱ አንድ ካርቶን እወስዳለሁ። ሲኤስኤ ይሉታል፣ በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻ ማለት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 በሁለት እርሻዎች የተጀመረ ነው። ሲያስረዱኝ እቁብ ነው የመሰለኝ። አንድ ዓመት ውርጭ እንጆሪውን አበባው ላይ ሳለ መታው። ካርቶናችን ሳሳ፤ ገንዘቤን መልሱ ያለ አልነበረም። ገበሬው በዚያ ዓመት አልተበደረም፣ መሬቱንም አልሸጠም።

አክስቴ ጋ ግን ኪሳራው ሁሉ የእሷ ነው። ጾም ሲገባ የእሷ፣ ዝናብ ሲቀር የእሷ። የሱሉልታ ሜዳ ሣር ኅዳር ላይ ሲታጨድ ድርቆሽ ይረክሳል፤ ያኔ እጇ ላይ ገንዘብ የለም። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ሣር ይጠፋል፣ በውድ ትገዛለች። ሜዳውም ራሱ በየዓመቱ ለግንብ እየተሸነሸነ ነው። የእሁድ ገበያ ለሽንኩርትና ለድንች ደግ ነገር ነው፤ ወተት ግን እሁድን አይጠብቅም። ሃያ ቤተሰብ ኅዳር ላይ ቀድሞ ቢከፍላትና ወተቱን ከዓመት እስከ ዓመት ቢወስድላት ድርቆሹን በጊዜው ታከማች ነበር። እድር ለሚያዋጣ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል?

ከመሄዴ በፊት ለዘመዶቼ ነገርኳቸው። ሐሳቡን ወደዱት፤ ስለ ክፍያው ግን ያነሳ አልነበረም።

ለፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ልላት ስደውል አንዷን ላም ሸጣለች። የገዛት ነጋዴ ለእርድ ነው የወሰዳት፤ በቀን 14 ሊትር የምትሰጠዋን።