ኔትወርኩን ለውጭ ባለሙያ ስጡ፣ ቁልፉን ግን እናንተ ያዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ግቡና «ኔትወርካችሁን የሚያስተዳድረው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። «አንድ ልጅ አለ፣ ሲበላሽ እንደውልለታለን» ይሏችኋል። ልጁ ጎበዝ ነው። ስልክ ያነሳል፣ እሁድም ቢሆን ይመጣል። የሚከፈለው በመጣ ቁጥር ነው። ውል የለም፣ ሪፖርት የለም፣ በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር የለም። ኢንተርኔቱን ተቀብሎ ለቢሮው የሚያከፋፍለውን መሣሪያ፣ የራውተሩን፣ ፓስወርድ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

የኔትወርክ ሥራን ከድርጅቱ ውጭ ላለ ባለሙያ መስጠትን አልቃወምም። እንዲያውም ለአብዛኛው መካከለኛ ድርጅት የሚያዋጣው እሱ ነው። የሚያሳስበኝ አሰጣጡ ነው። ሥራው ሲሰጥ ሥልጣኑም ሙሉ በሙሉ አብሮ ይሄዳል። ዘበኛ ቀጥሮ የቤቱን ብቸኛ ቁልፍ ለዘበኛው አስረክቦ የሚሄድ ባለቤት አላውቅም። በኔትወርክ ጉዳይ ግን ይህንኑ የሚያደርጉ ባለቤቶች ሞልተዋል፣ ያውም ሳያውቁት።

ለውጭ መስጠቱ ለምን ያዋጣል? ሥራው ሰፊ ስለሆነ ነው። ከውጭ የሚመጣን ጥቃት የሚያግደው ፋየርዎል አንድ ሙያ ነው፣ የድርጅቱ መረጃ የሚቀመጥበት ሰርቨር ሌላ፣ ዋይፋዩና ካሜራው ሌላ፣ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ባክአፑ፣ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሁሉንም አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቢገኝም ባንክ ወይም ቴሌኮም በተሻለ ደመወዝ ይወስደዋል። አምስት ስድስት ባለሙያ ያለው ድርጅት ግን አንዱ ቢታመም ሌላውን ይልካል። ወጪውም ለብዙ ደንበኛ ስለሚከፋፈል ይቀላል።

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ የሚከብደው ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ላይ ስለወጣ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ገዢው «በሞባይል ልላክልህ?» ማለት ለምዷል። የስቶክ ሶፍትዌሩ፣ የቅርንጫፍ ግንኙነቱ፣ ካሜራው፣ አንዳንድ ቦታ የቢሮ ስልኩ ጭምር በዚያችው የኢንተርኔት ገመድ፣ በፋይበሩ፣ ላይ ነው። ድሮ ኔትወርክ ሲቆም ኢሜይል ይዘገይ ነበር። አሁን የሚቆመው ሽያጩ ነው።

ያየሁትን አንድ ቦታ ልንገራችሁ። የኔትወርክ ዕቃዎቹ ካቢኔት ያለው ደረጃ ሥር፣ ከመወልወያና ከባልዲ ጎን ነው። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት ሁለቱ ስዊቾች አቧራ ለብሰዋል። ከጣሪያ የሚወርደው ገመድ በአንድ ላይ ታስሯል፣ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት ግን የለውም። መብራት ሲጠፋ ዕቃዎቹን በባትሪ ማቆየት ያለበት ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ አንዴ ይጮህና አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ያን ሁሉ የዘረጋው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል። ድርጅቱ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቶ ለማገናኘት ሲፈልግ ራውተሩ ውስጥ መግባት የሚችል ሰው ጠፋ። አዲሱ ባለሙያ ራውተሩን ሪሴት አደረገው፣ ማለትም ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መለሰው። የድሮው ኮንፊጉሬሽን፣ የተስተካከለበት አሠራር ሁሉ፣ አብሮ ጠፋ። ካሜራው ተቋረጠ፣ የስቶክ ሶፍትዌሩ ሰርቨሩን ማግኘት አቃተው፣ ሥራው ወደ ወረቀት ተመለሰ። የባሰው በኋላ መጣ። የድርጅቱ የድረ ገጽና የኢሜይል ስም የተመዘገበው በልጁ የግል ኢሜይል ነበር። ስሙን የማደሻው ቀን ደርሶ ነበር፤ ማደስ የሚችለው ግን ባሕር ማዶ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ልጁ ክፉ አልነበረም። ስልኩ ሲገኝ ያወቀውን ሁሉ ተናግሯል። ችግሩ የመጣው «ፓስወርዱን ጻፍልን» ያለው ሰው ስላልነበረ ነው።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በዚሁ ተቸግሯል። የከተማውን ዋና የፋይበር ኔትወርክ የዘረጋው መሐንዲስ ፓስወርዱን ለአለቆቹ አልሰጥም አለ። ታሰረ፤ ታስሮም አልሰጠም። ኔትወርኩ መሥራቱን ቀጠለ፣ ከተማው ግን ሊያስተዳድረው አልቻለም። በመጨረሻ የያኔው ከንቲባ ጋቪን ኒውሰም እስር ቤት ድረስ ሄደው ፓስወርዱን ከአፉ ተቀበሉ። መሐንዲሱ በ2010 ተፈርዶበት የአራት ዓመት እስር ተበየነበት። ያ ሰው የውጭ ባለሙያ እንኳን አልነበረም፣ የከተማው ደመወዝተኛ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ከገባ ቅጥሩ ቋሚ ሆነ ኮንትራት ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው አደጋ ባለሙያው ታማኝ ሆኖ ሳለ የሚመጣው ነው። ብዙ ደንበኛ የያዙ ድርጅቶች ኮምፒውተሮችን ከርቀት የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2021፣ አሜሪካኖች ለነፃነት በዓላቸው ሲዘጋጁ፣ ሪቭል የተባለው የሳይበር ወንበዴ ቡድን ካሴያ በተባለ ኩባንያ እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ቀዳዳ ተጠቅሞ ጥቃት ሰነዘረ። በዚያ በኩል ወደ 60 ገደማ አገልግሎት ሰጪዎችን፣ በእነሱ በኩል ደግሞ እስከ 1,500 የሚደርሱ ደንበኞቻቸውን መታ። ፋይሎቹን ቆልፎ ለሁሉም መክፈቻ 70 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ስዊድን ውስጥ ኮፕ የተባለው የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ሒሳብ መቀበያ ማሽኖቹ ስለቆሙ ወደ 800 የሚጠጉ መደብሮቹን ዘጋ። ኮፕ የካሴያ ቀጥተኛ ደንበኛ አልነበረም። ሶፍትዌሩን ይጠቀም የነበረው ለኮፕ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ ድርጅት ነው። እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ቢሆን ኖሮም ያው ነበር፤ በሦስተኛ ሰው በር የገባ ሌባ የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ አይለይም።

እዚህ አገር የርቀት መግቢያው ብዙ ጊዜ ኤኒዴስክ የተባለው፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመጠቀም የሚያስችል ሶፍትዌር ነው። ባለሙያው አንዴ ይጭነዋል፣ ቋሚ ፓስወርድ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ማንም አያስታውሰውም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ያድራል። መግቢያው ሥራ ሲኖር ይከፈት፣ ሲያልቅ ይዘጋ። ማን መቼ እንደገባም ይመዝገብ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም።

እንግዲህ ውል ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በሕግ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። «እንተዋወቃለን» የሚባለው ግን ፍርድ ቤት አያስኬድም። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ሁሉም ፓስወርድና የድረ ገጽ ስም በድርጅቱ ስም ይሁን ይበል። እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ አካውንት ይግባ፣ ከሥራ ሲለቅ አካውንቱ በዚያው ቀን ይዘጋ ይበል። ሲስተም ቢቆም በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመጡ በቁጥር ይጻፍ፤ «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ቃል አትቀበሉ።

ባክአፑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ነውና። «ባክአፕ አለን?» ስትሉ «አለ» ይባላል። «መልሳችሁ ከፍታችሁት ታውቃላችሁ?» በሉ። ዝም ይባላል። ሰርቨሩ ላይ የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ባክአፕ አይደለም። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲገባ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፈዋል። አንድ ቅጂ ከኔትወርኩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከዚያ ቅጂ ላይ የአንድ ወር ሒሳብ ተከፍቶ፣ ሒሳብ ክፍሉ አይቶ ይፈርምበት። የአይቲ ሰው ፊርማ ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ሒሳብ ሠራተኛው ነው።

የሕጉ ጉዳይም ተቀይሯል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ የጤና ወይም የክፍያ መረጃ የሚይዝ ድርጅት አሁን ግዴታ አለበት። ሥራውን ለሌላ ድርጅት ሰጥቻለሁ ማለት ከኃላፊነት አያወጣም። በተለይ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። የሕፃናትና የሕሙማን መረጃ የያዘ ሰርቨር ለማናውቀው ሰው ላፕቶፕ ክፍት ሆኖ ማደር የለበትም።

ባለቤቶች የሚያነሱት ቅሬታ ዋጋው ነው። በየወሩ መክፈል ይከብዳቸዋል። «ምንም ሳይበላሽ ለምን እከፍላለሁ?» ይላሉ። ያልተበላሸው አንድ ሰው በየወሩ ስለሚያየው መሆኑ አይታያቸውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የራውተርና የስዊች ዋጋ ምን ያህል እንደወጣ መርካቶ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ብቅ ያለ ሰው ያውቀዋል። ያለውን ዕቃ አቧራውን እየጠረጉ፣ የዩፒኤሱን ባትሪ በጊዜው እየቀየሩ ማቆየት ዛሬ ከመግዛት ይረክሳል።

ለባለሙያዎቹም መናገር አለብኝ። በጥሪ ብቻ የሚሠራ ልጅ የሚበላው ሲበላሽ ነው። ይህ ለእሱም ክብር አይደለም። እኩለ ሌሊት ተጠርቶ ሄዶ፣ ፋይበሩ ከውጭ ተቆርጦ ያገኘዋል፤ «ምንም አልሠራህም» ተብሎ ሳይከፈለው ይመለሳል። ወርኃዊ ውል ቢኖረው ግን ለዚያች ሌሊትም ይከፈለዋል፤ የቴሌን ሰው ጠርቶ እስኪጠገን ይከታተላል፣ ለደንበኛውም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል።

ያን ውል ስትዋዋሉ የመጨረሻው አንቀጽ ስለ ርክክብ ይሁን። ብንለያይ በስንት ቀን ውስጥ ምን ምን ይረከባል? የኔትወርኩ ሥዕል፣ የፓስወርድ ዝርዝር፣ የፋየርዎሉ ኮንፊጉሬሽን ቅጂ፣ የሶፍትዌር ፈቃድ (ላይሰንስ) ደረሰኞች። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ሆኖ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ በተቀየረ ቁጥርም ፖስታው ይቀየር። ባለሙያ ስታማርጡም ይህን አንቀጽ ቀድማችሁ አሳዩ። የሚያኮርፍ አለ፣ «ካላመናችሁኝ ለምን ጠራችሁኝ?» የሚል አለ። ሰነዱን በመጀመሪያው ወር ሳይጠየቅ አዘጋጅቶ የሚያመጣም አለ። ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም እሱን ያዙ።