በጠራራ ፀሐይ የሚያስፈራ ፊልም

ለንደን ነው፣ በጋ ነው። ቅዳሜና እሁድን የእንግሊዞችን አስፈሪ ፊልሞች ለማየት የተቀጣጠሩ ወዳጆች ገና ሳይጀምሩ በመጋረጃ ተጣሉ።

«ዝጉት!» አለ አንደኛው። «እዚህ አገር በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ብርሃን ማን ይፈራል?» ለእሱ አስፈሪ ፊልም ማለት የሀመር ኩባንያ ሥራ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. የ1958ቱ፣ የደም መጣጩ ድራኩላ ፊልም። ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሊ ድራኩላን ሆኖ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ጥርሱ ወጥቶ ብቅ የሚልበት። «መጨረሻ ላይ የድራኩላ ጠላት ሆኖ የሚሠራው ፒተር ኩሺንግ መጋረጃውን ይገነጥለዋል፣ የፀሐይ ብርሃን ይገባል፣ ድራኩላ አመድ ይሆናል። ብርሃን ከገባ አለቀ ማለት ነው!»

«ዘ ኢኖሰንትስን አላየህማ» አለችው ሌላዋ። የ1961 ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ። የልጆች ሞግዚቷ ሐይቁ ዳር ሆና ቀና ስትል፣ ማዶ ቄጠማው መሃል ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። በቀን ብርሃን። አትጮህም፣ አትጠጋም። ዝም ብላ ትቆማለች።

እስካሁን ዝም ያለችው ሦስተኛዋ ገባች። «እኛስ ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ ተብለን አይደል ያደግነው? ዳዊቱም እኮ ‹ከቀትር ጋኔን› ይላል።»

«እሱ እምነት ነው፣ ይሄ ፊልም ነው» አለ ሰውየው። ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እኔ መጋረጃው ይከፈት ካሉት ጋር ነኝ። ምክንያቴ የ1973ቱ ዘ ዊከር ማን ነው። አንድ ሃይማኖተኛ ፖሊስ የጠፋች ልጅ ፍለጋ ወደ አንድ የስኮትላንድ ደሴት ይሄዳል። አበባ፣ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ፈገግ የሚል ሕዝብ። (የተቀረጸው በመኸር ብርድ ነው፤ ፀደይ እንዲመስል ዛፎቹ ላይ ሰው ሠራሽ አበባ አስረውባቸዋል።) የደሴቲቱ ጌታ ማን ይመስላችኋል? ያው ክሪስቶፈር ሊ! ያለ ክፍያ ነው የሠራው፣ ያን ያህል ወዶት። ጥርስ የለው፣ ካባ የለው። ጨዋ፣ ተጫዋች፣ የተማረ ሰው ነው። ድራኩላን መስቀልና ፀሐይ ያቆሙታል። እዚህ ግን ሰዎቹ የሚያመልኩት ራሷን ፀሐይን ነው፤ መስቀሉን ደግሞ የያዘው ብቻውን የቀረው ፖሊስ ነው። ታዲያ ይሄ ሰው ወዴት ይሸሻል? ድራኩላ ላይ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ መዳኛው ከመጀመሪያው ይታወቃላ።