«በአፍሪካ የመጀመሪያው» ስለሚባለው ባቡራችን

«የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። አባባሉ በየቦታው ስለሚደጋገም አልፈርድብህም። ግን ልክ አይደለም።

የእኛው ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2015 መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው)። ቱኒዝ ግን ቀላል ባቡሯን ያስጀመረችው በ1985 ነው፣ 30 ዓመት ቀድማን። ራባትና አልጀርስ በ2011፣ ካዛብላንካ በ2012 ተከተሉ። ካይሮማ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም (የከተማ ጎዳና ላይ የሚሄድ ባቡር) የጀመረችው በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት ነው!

«የመጀመሪያው» የሚያስኬደው «ከሰሃራ በታች» ሲጨመርበት ነው። ያቺን ሐረግ ሰው እየዘለላት ነው ነገሩ የተጋነነው። እሱም ቢሆን «ዘመናዊ» ካልን ነው፤ ኬፕታውንና ጆሃንስበርግ ድሮ ትራም ነበራቸው፣ በኋላ ተዉት እንጂ።

እግረ መንገዴን፣ «ሐዲዱን የረገጠ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል» የሚባለውም ወሬ ነው። ባቡሩ ኃይል የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ስታዲየም ጋ ቆም ብለህ ቀና በል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ክንድ ሽቦውን እየታከከ ሲሄድ ታየዋለህ። ሐዲዱን ዝም ብለህ አቋርጥ ማለቴ ግን አይደለም።