ግማሽ ሰዓት የሚባል ትምህርት የለም

ኮሌጃችን ሰሞኑን አንድ መመሪያ አውጥቷል። እጩ መምህር በኦንላይን ያስተማረው እያንዳንዱ ሰዓት በማስተማር ልምምድ መዝገቡ ላይ የሚያዝለት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ከኃላፊዎቹ አንዱ ተነስተው፣ «በስክሪን ሳይንስ የለም። ልጅ ያልነካውን አይማርም» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

እጩ መምህር ነኝ። የአራተኛ ክፍል ሳይንስ በኦንላይን ማስተማር ከጀመርኩ ገና ነው። የረጅም ዘመን ልምድ አለኝ ብዬ አልከራከርም። ግን ቢያንስ ገብቼበታለሁ። መመሪያውን ያረቀቁት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ገብተው ያዩ አይመስለኝም።

«ያልነካውን አይማርም» የምትለዋን እንያዛት። ፀሐይ ከምድር በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ማን ነክቷት ነው ያስተማረን? ጨረቃን፣ የምድርን እምብርት፣ የራሳችንን ጉበት ማን ነካ? ይሁን፣ ስለ ሙከራ ነው የተናገሩት እንበል። በአካል በሚሰጠው ክፍለ ጊዜስ የሚነካው ማን ነው? መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ይቀላቅላል። አረፋው ይገነፍላል። ፊት ያሉት ያያሉ፣ መሀል ያሉት ይንጠራራሉ፣ ኋላ ያሉት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ያያሉ። ከዚያ ሁሉም «የወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» የሚለውን ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። የነካው መምህሩ ብቻ ነው! ይህ ግን ሙሉ ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል።

በኦንላይን ይህን ማድረግ አልችልም። ብፈልግም አልችልም። ጠረጴዛዬ ላይ የምሠራው ነገር በስልክ ስክሪን ላይ የጥፍር ያህል ነው የሚታየው። ስለዚህ ሙከራውን የግድ ልጆቹ እጅ ላይ ማስገባት ነበረብኝ። እስቲ የባቄላውን ነገር ልንገራችሁ፤ ክርክሬ በሙሉ እሱ ላይ ነው ያለው።

ሥራው ቀላል ነው። እርጥብ ጥጥ፣ ብርጭቆ፣ ጥቂት የባቄላ ፍሬ። በአካል ቢሆን አንድ ብርጭቆ መስኮት ላይ ይቀመጥና ሁሉም እሱን ያያል። አንድ ቦታ፣ አንድ ውጤት። እሱም መጽሐፉ አስቀድሞ የተናገረው ውጤት። እዚህ ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ባቄላ በራሱ ቤት፣ ደስ ባለው ቦታ አስቀመጠ። አንዱ መስኮት ላይ። አንዷ ፍሪጅ ውስጥ። አንዱ ጥጡን ትቶ ፍሬውን በውሃ አጥለቀለቀው። አንዷ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ እንዳይነካባት ቁምሳጥን ውስጥ ደበቀችው።

ካሜራ ፊት ሲያቀርቡት የማን ረዝሞ ተገኘ? የቁምሳጥኗ። ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ ባቄላ ጨለማ ይወዳል ማለት ነው?» ይህን ጥያቄ በትምህርት ዕቅዴ ላይ አልጻፍኩትም። መጽሐፉም ላይ የለም። መልሱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን አንድ ልጅ ቀደመኝ፦ «የሷ እኮ ቢጫ ነው! የኔ አረንጓዴ ነው።» ከዚያ ውይይቱን እነሱ ያዙት። ረጅም ግን የገረጣና ቀጭን፤ አጭር ግን አረንጓዴና ወፍራም። ብርሃን ያጣ ቡቃያ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል። ፍሬው ውስጥ የተቀመጠለት ስንቅ እስኪያልቅ ድረስ። ስንቁ ሲያልቅ ይወድቃል። ጠብቀው አዩት፤ ወደቀ። የፍሪጁ ጭራሹኑ አልበቀለም። ውሃ ውስጥ የሰጠመው አየር አጥቶ ሸተተ፣ የልጁ እናት ይጣልልኝ ብለው ጮሁ፣ እሱ ደግሞ ገና አልጨረስኩም ብሎ ተከራከረ። እኔ በልቤ ለእሱ ነበር የምፈርደው።

ብርሃን፣ ሙቀት፣ አየር። ሦስቱንም ያገኘናቸው ቤቶቹ ስለተለያዩ ነው። አንድ ብርጭቆ ያለበት ክፍል ይህን ከየት ያመጣል?

አልበቃም። አንዷ ልጅ ደግሞ፣ «ጥጥ ውስጥ አፈር የለም፤ ታዲያ ምን በልቶ አደገ?» አለች። ልጆች ተክል አፈር ይበላል ብለው ያምናሉ። ትልልቅ ሰዎችም ያምናሉ፣ እንዳትፈርዱባቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሳይንቲስት ቫን ሄልሞንት በመዘነው አፈር ላይ አንድ የአኻያ ችግኝ ተክሎ 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 74 ኪሎ ገደማ ጨመረ። አፈሩ የቀነሰው 57 ግራም ያህል ነው። ሰውዬው «እንግዲያው ውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። ግማሹን አገኘ፣ አየሩን ግን ሳተ። የእኔም ልጆች እዚያው ላይ ነው የቆሙት። ስለ አየሩ በሚቀጥለው ሳምንት እንከራከር ተባባልን። ይህ ሳይንስ ካልሆነ ሳይንስ ምንድን ነው? ለዚህ ነው እንግዲህ ግማሽ ሰዓት የተያዘልኝ።

ስለ ዝምታም አንድ ነገር ልበል። በኦንላይን ጥያቄ ትጠይቃለህ፤ ፀጥ ይላል። ማይክ እስኪከፈት፣ ድምፅ እስኪደርስ፣ ልጁ «ይሰማል?» እስኪል ድረስ ጊዜ ይሄዳል። መጀመሪያ አካባቢ ጨንቆኝ ነበር። በኋላ ሳየው ለካ ጥቅም አለው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሱት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። እኔ ትዕግሥቱን ያገኘሁት ከተንቀራፈፈው ኔትወርክ ነው። በእርግጥ አንዳንዴ አያት ከጀርባ ሆነው መልሱን ሹክ ሲሉ ይሰማል። እሱም ቢሆን አያትየው ማሰብ ጀመሩ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ዑደት ስናስተምር ደግሞ ፌት (PhET) የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ማስመሰያ አለ፤ ሙከራውን ስክሪን ላይ አስመስሎ ያሠራል። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይመን እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመሩት ነው። ልጁ ራሱ ሽቦውን ያገናኛል። ካበላሸው ባትሪው ስክሪኑ ላይ ይነድዳል፣ ማንም አይቃጠልም። የኖቤል ተሸላሚ ያልናቀውን ስክሪን ኮሌጃችን ናቀው።

አንድ ነገር አልክድም። ስልክ የሌለው ልጅ አለ። ኔትወርክ እየተቆራረጠበት ከትምህርቱ የሚቀርም አለ። ይህ ያመኛል። ግን የእኔን ሰዓት በግማሽ መቁረጥ ለዚያ ልጅ ስልክ አይገዛለትም። ለእሱ ያሰበ ሰው መመሪያውን ስለ እሱ ይጽፍ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ይህ ነው። ማይክሮ ቲቺንግ እያሉ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። እጩ መምህሩ አጭር ትምህርት ይሰጣል፣ ይቀረጻል፣ ቅጂውን ከተቆጣጣሪው ጋር ተቀምጦ ያያል፣ ያርማል። ለፈተና ጽፈነዋል፣ ማርክ ተሰጥቶበታል። አሁን እያንዳንዱ የኦንላይን ክፍለ ጊዜዬ በወላጆች ፈቃድ ተቀርጾ ተቀምጧል። የቱ ጋ እንደቸኮልኩ፣ የትኛውን ልጅ እንዳልጠራሁ በደቂቃ ይታያል። በአካል በሚደረገው ልምምድ ግን ተቆጣጣሪው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅጽ ሞልቶ ይሄዳል። የቀረው ነገር ሁሉ በእሱ ትውስታ ላይ ነው። ታዲያ ማስረጃ ያለው የቱ ነው? የሚቆረጠውስ?

ሰዓት መቁረጥ ለቢሮ ይቀላል። ቅጂ ከፍቶ ማየት ጊዜ ይወስዳል፣ የልጆቹን ሥዕልና ማስታወሻ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፣ ደካማውን ትምህርት ከጠንካራው መለየት ደግሞ ሳይንስ ማወቅን ይጠይቃል። ስለዚህ ሁላችንንም በአንድ ላይ በግማሽ ቆረጡን። ስላይድ እያነበበ የሚያስተኛውንም፣ ልጆቹን የሚያከራክረውንም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። መመሪያው እንደገና ይታይ ከተባለ፣ ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት ኃላፊዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ ከፍተው እስከ መጨረሻው ይዩ። የእኔን ካልወደዱ የሌላ እጩ መምህር ይክፈቱ። ደካማ ነው ካሉ የቱ ጋ እንደደከመ ጽፈው ይስጡን፤ ቢያስፈልግ ሰዓቱን በሙሉ ይሰርዙት። ሳያዩ ግማሽ መስጠታቸውን ግን አልቀበልም።