ያልወጣውን ዘፈን ሳትነካኩ አውጡት

ሁለትና ሦስት ዓመት አብረው ተጫውተው የተበተኑ ሙዚቀኞች ከብዙ ዘመን በኋላ ሲገናኙ፣ ወሬያቸው ቤት ውስጥ ቀርጸው ሳያወጧቸው ወደቀሩት ዘፈኖች መዞሩ አይቀርም። ካሴቱ ከተቀመጠበት ይወጣል፤ ይደመጣል። ከዚያም አንዳቸው «ድራሙን እንደ አዲስ እንምታው፤ ድምፁንም ደግመን እንዝፈነው» ይላል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን የሚያጠፋ ይመስለኛል። የድሮው ቅጂ በቅድሚያ እንዳለ መውጣት አለበት።

ምክንያቴ ከባንዱ ዕድሜ ይጀምራል። አሥርና ሃያ አልበም ያሳተመ ባንድ ሳያወጣ ያስቀራቸው ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ ተመዝነው የተተዉ ናቸው። ብዙ ሳይቆይ የፈረሰ ባንድ ግን ዘፈኖቹን መዝኖ አልተዋቸውም፤ ጊዜ አጥሮት፣ ገንዘብ አልቆበት ወይም አንዱ አባል ሄዶበት እንጂ። አንድ አልበም ብቻ ላለው ባንድ ቤት ውስጥ የተቀረጹ አሥር ዘፈኖች የሥራው እኩሌታ ናቸው። ያንን እኩሌታ በዛሬ ጆሮና በዛሬ እጅ ከለወጥነው፣ ባንዱ ምን እንደነበረ የሚናገረውን ምስክር እናጣዋለን።

በዌልስ ከተማ በካርዲፍ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተውን ያንግ ማርብል ጃይንትስ የተባለ ባንድ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ አልበም አሳተሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ። ድራም መቺ አልነበራቸውም፤ ምቱን የሚሰጣቸው ማሽን ነበር። ቤት ውስጥ የተቀረጹት ቅጂዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ለብቻቸው ሲታተሙ ጥቅማቸው ታየ። ያ መሣሪያ ያልበዛበት፣ ዝምታ የሚሰማበት አጨዋወት ስቱዲዮ ገብቶ የመጣ ሳይሆን አስቀድሞ የነበራቸው መሆኑን ከራሳቸው ድምፅ እንሰማለን። አንድ ሰው በመሐል ገብቶ ባዶውን ቦታ በድራም ቢሞላው ኖሮ ይህን ማወቂያ መንገድ አይኖረንም ነበር።

ቤት ውስጥ የሚቀረጽ ዘፈን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የጃፓኑ መሣሪያ ሠሪ ታስካም እ.ኤ.አ. በ1979 ፖርታስቱዲዮ የተባለውን ባለ አራት ትራክ ካሴት መቅረጫ (ትራክ ማለት አንድ ድምፅ ለብቻው የሚቀረጽበት መስመር ነው) ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ስቱዲዮ ለመከራየት አቅም የሌላቸው ብዙ ባንዶች ሥራቸውን በዚህ ዓይነት መሣሪያ ቀረጹ። ትራኩ ሲያልቅባቸው ሦስቱን በአራተኛው ላይ አዋህደው ይቀርጹና ሦስቱን ለሌላ መሣሪያ ያስለቅቋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ቤዝ ጊታሩ ጎልቶ ከተዋሐደ ጎልቶ ይኖራል። ስለዚህ አሁን በካሴቱ ላይ የምንሰማው የድምፅ ሚዛን እነዚያ ወጣቶች ተከራክረው፣ ደፍረው የወሰኑት ነው። ሻካራነቱ የድህነት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ውሳኔም አለበት።

«ዛሬ ኮምፒውተሩ ድምፆቹን ይለያያቸዋል፤ ለምን አንጠቀምበትም?» የሚሉ አሉ። ቢትልስ ዕድሜው አጭር የሚባል ባንድ ባይሆንም ጥያቄው ጎልቶ የታየው በእርሱ ነው። የባንዱ አባል ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤቱ ፒያኖ እየተጫወተ በካሴት የቀረጸው «ናው ኤንድ ዜን» የተሰኘ ዘፈን ነበር። ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ሊሠሩበት ሞክረው ተዉት፤ ፒያኖው ድምፁን ይሸፍነው ነበር፤ የኤሌክትሪክ እዝዝ የሚል ድምፅም ነበረበት። በኋላ የሌነንን ድምፅ ከፒያኖው ነጥሎ የሚያወጣ ቴክኖሎጂ ተገኘና ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲሰማ ልብ ይነካል፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ሌነን በካሴቱ ላይ የዘፈነው አንድ ክፍል በአዲሱ ቅንብር ውስጥ የለም፤ ወጥቷል። ምናልባት እርሱም ቢኖር ያወጣው ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980 የሞተ ሰው «ይህን ተዉልኝ» ሊል አይችልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አድማጭ ከሻካራ ቅጂ ይሸሻል የሚለው ሥጋት እምብዛም አያሳምነኝም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 «ነብራስካ» የተሰኘ አልበሙን ያወጣው ቤቱ ውስጥ በዚያው ፖርታስቱዲዮ ከቀረጸው ካሴት ነው። ዘፈኖቹን ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ሞክሯቸዋል፤ ያም ሆኖ የመረጠው ካሴቱን ነበር። አልበሙ እስከ ዛሬ ይደመጣል።

ሳይነካካ ይውጣ ስል ያለ ጥንቃቄ ይውጣ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ፖርታስቱዲዮ ካሴቱን ከተራው ማጫወቻ በእጥፍ ፍጥነት ያዞር ነበር፤ አራቱንም ትራክ የሚቀርጸው በአንድ አቅጣጫ ነው። ያንን ካሴት ተራ ማጫወቻ ውስጥ የሚከት ሰው ከአራቱ ትራክ ሁለቱን ብቻ፣ ያውም በግማሽ ፍጥነት ይሰማል፤ ገልብጦ ሲከተው ደግሞ የቀሩት ሁለቱ ከኋላ ወደ ፊት ይጫወታሉ። ስለዚህ ተመሳሳይ መሣሪያ ይፈለግ፤ ካሴቱን የሚያነበው የመሣሪያው ክፍል (ሄድ) ከቅጂው ጋር እንዲገጥም ይስተካከል፤ እያንዳንዱ ትራክ ለየብቻው በከፍተኛ የድምፅ ጥራት (በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ) ወደ ኮምፒውተር ይግባ። ፍጥነቱን ማስተካከል ተገቢ ነው፤ ያልነበረ መሣሪያ መጨመር ግን ሌላ ሥራ ነው።

ያንን ሌላ ሥራም አልቃወምም። ሙዚቀኞቹ ዛሬ በጎለመሰ ድምፃቸው ዘፈኖቹን እንደ አዲስ ቢጫወቷቸው በደስታ አደምጣለሁ። ለብቻው ይቀረጽ፣ የተቀረጸበት ዓመት ይጻፍበት፤ በአሮጌው ቅጂ ላይ ግን አይደረብ።

ከሁሉ የሚከፋው በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ቶሎ የሚፈርስ ባንድ የጽሑፍ ውል እምብዛም አይኖረውም፤ ማን ዜማውን እንደሠራ፣ ማን ግጥሙን እንደጨረሰ የሚያውቁት አባላቱ ብቻ ናቸው። ድራሙ በሌላ ሰው እንደገና ሲመታ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ድራም መቺ ከሥራው ይሰረዛል። ተጣልቶ የወጣ ይሆናል፤ ሙዚቃን ትቶ ሌላ ኑሮ የያዘም ይሆናል፤ የሞተም ከሆነ ቤተሰብ ይኖረዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ሥራ በፊት በካሴቱ ላይ የሚሰሙት ሁሉ ይጠየቁ፤ ድርሻቸው በጽሑፍ ይወሰን። የአንዱ አድራሻ ቢጠፋ ድርሻው ተለይቶ ይቀመጥለት፤ ስሙ ግን ከመጀመሪያው ኅትመት ጀምሮ በሽፋኑ ላይ ይስፈር።