አዲስ ብሎክ ከመቆሙ በፊት ሽንት ቤቱ ይቆጠር

በአንድ መማሪያ ክፍል 80 እና 90 ልጅ ሲታጨቅ ወረዳውም ወላጁም ቶሎ የሚስማሙበት መልስ አንድ ነው፤ ባለ አራት ክፍል ብሎክ ይጨመር። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ሜዳው ይለካል፣ መሠረት ይቆፈራል። ብሎኩ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ክፍል አገኘ ተብሎ ተጨማሪ ተማሪ ይመደብለታል። መጫወቻው የለም፣ ሽንት ቤቱ ግን ያው የድሮው ስምንት ቀዳዳ ነው። የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንን ከጭንቅንቅ ለማውጣት ከልብ የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ ቆጠራ ይግባ፤ ቆጠራውም ከመማሪያ ክፍል በፊት ሽንት ቤቱን፣ ውሃውንና የግቢውን በር ይመልከት።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 2,400 ተማሪ፣ 20 መማሪያ ክፍልና ሁለት ፈረቃ ያለው ትምህርት ቤት አለ እንበል። በአንድ ፈረቃ የሚገባው 1,200 ልጅ ለ20 ክፍል ሲካፈል 60 ይሆናል። ለመጀመሪያ ደረጃ ከተቀመጠው የ50 ተማሪ ልክ ብዙም የራቀ አይመስልም። በየክፍሉ ሲገባ ግን አንደኛ ክፍል 85፣ ስድስተኛ ክፍል 42 ሊሆን ይችላል። አማካዩ የሚደብቀው ፊደል የሚቆጥሩትን ትንንሾቹን ልጆች ነው። ስለዚህ ቆጠራው በየሴክሽኑ ይሁን፤ መስከረም ላይ በተመዘገበው ስም ብቻም አይታመን። በሦስት የተለያዩ ቀናት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጆቹን በራስ መቁጠር በየቀኑ አንድ ረፋድ ብቻ ይወስዳል። ይኸው ትምህርት ቤት ወደ አንድ ፈረቃ ይመለስ ከተባለ 48 ክፍል ያስፈልገዋል። 28 አዲስ ክፍል ማለት ሰባት ባለ አራት ክፍል ብሎክ ነው። የአንዱ ብሎክ ጣሪያ ከነበረንዳው ወደ 280 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ሰባቱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሳይቆጠር ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ይበላሉ። ቦታው ከሌለ ፈረቃው እንደሚቀጥል ለወላጅ በግልጽ ተነግሮ፣ ዕቅዱ በዚያው ላይ ይቁም።

ክፍሉ ራሱ ስንት ልጅ ይይዛል? በብዛት የሚሠራው 7 በ8 ሜትር፣ ማለትም 56 ካሬ ሜትር ነው። ከሰሌዳው ፊት ለፊት 2 ሜትር ሲተው 6 ሜትር ይቀራል። አንድ ዴስክ ከነመቀመጫው ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሚይዝ ወደ ኋላ ስድስት ረድፍ ይሆናል። ሦስት ልጅ የሚይዝ የ1.5 ሜትር ዴስክ በሦስት መስመር ሲደረደር 18 ዴስክ፣ 54 ልጅ ነው፤ መምህሩም በመካከል እየተዘዋወረ ደብተር ማየት ይችላል። አራተኛ መስመር ከተጨመረ 72 ልጅ ይገባል፣ ለመተላለፊያ ግን በጠቅላላው 1 ሜትር ብቻ ይተርፋል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በአንድ ዴስክ አራት ሆኖ የሚቀመጥ ወይም መሬት ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነው። በኋለኛው ረድፍ ያሉት ልጆች እጃቸውን በነፃነት አንቀሳቅሰው እንኳ መጻፍ አይችሉም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነባሩን ቤት መፈተሽ ነው። በብዙ ግቢዎች አንድ ወይም ሁለት ደህና ክፍል በተሰበረ ዴስክና በአሮጌ መጽሐፍ ተቆልፎ ይገኛል። የዴስኩ ብረት ተበይዶ ጣውላው ቢቀየር መቀመጫም ክፍልም ይገኛል፤ ንብረቱን ለማስወገድ የሚያስፈልገው ወረቀት ግን ጊዜ ስለሚፈጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። በ6-2-4 አደረጃጀት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ወደ መካከለኛ ደረጃ ስለሚሄዱ የሚለቀቁ ክፍሎች ካሉም ይመዝገቡ። የቅድመ መደበኛ ሕፃናትና የምገባው አዳራሽ የያዙት ቦታም እንዲሁ። አዳራሹ ከምግብ ሰዓት ውጭ ለሥዕል፣ ለሙዚቃና ለንባብ ቢውል መማሪያ ክፍሎቹ ይተነፍሳሉ።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያወጣው ልክ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መቀመጫና አንድ የሽንት መሽኛ ነው። በምሳሌያችን በአንድ ፈረቃ 600 ሴትና 600 ወንድ ቢኖሩ ለሴቶቹ 24፣ ለወንዶቹ 12 ያስፈልጋል። መምህራን ከዚህ ውጭ ናቸው። ስምንት ቀዳዳ ያለው ግቢ ከሩብ በታች ላይ ነው፤ በ15 ደቂቃ ዕረፍት ተራ ያልደረሳት ልጅ ወይ ክፍል ታረፍዳለች ወይ ውሃ መጠጣት ትተዋለች። ከፍ ላሉት ሴት ልጆች ቢያንስ አንዱ የሽንት ቤት ክፍል ሰፋ ያለ፣ ውሃና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። የጉድጓዱ ቦታ የሚመረጠው ደግሞ የፍሳሽ መኪና ቱቦው የሚደርስበትን አስቦ ነው። ከብሎክ ጀርባ ተደብቆ የተሠራ ጉድጓድ ሲሞላ መኪናው ሊደርስበት ስለማይችል ይዘጋል፤ አዲስ ይቆፈራል፣ ሜዳውም እየጠበበ ይሄዳል።

ውሃ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ ብቻ በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር ሲታሰብ ለ2,400 ልጅ በቀን 12,000 ሊትር ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሦስት ቀን ክምችት 36,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ 10,000 ሊትር ሮቶ ገዝቶ መመረቅ ችግሩን አይፈታም። የጣሪያ ውሃ ይጠራቀም የሚለው ሐሳብ ጥሩ ቢሆንም ልኩን እንወቅ። በአዲስ አበባ ከባዱ ዝናብ የሚጥለው ትምህርት በሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። መስከረም ላይ የሞላው ሮቶ አንድ ቀን እንኳ ሳይደፍን ያልቃል፣ ከዚያ በጋው ሙሉ ባዶ ነው። ስለዚህ አሸንዳው ዋናውን መስመር ይደግፍ እንጂ አይተካውም።

የግቢው ፈተና ያለው በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ 1,200 ልጅ ሲወጣ 1,200 ይገባል፤ ያኔ በሩ ላይ ያልቆመ አጥኚ ግቢውን አላየውም። የሚወጡትና የሚገቡት በተለያየ በር ይሁኑ፣ ካልሆነም በፈረቃዎቹ መካከል 20 ደቂቃ ይተው። ፎቅ ከታሰበ በሁለቱም ጫፍ ደረጃ ይኑረው፤ በአንድ ጠባብ ደረጃ ላይ ግፊያ ሲነሳ የሚወድቁት ታናናሾቹ ናቸው። መወጣጫው 45 ሳንቲ ሜትር በሆነ በረንዳ ላይ ለዊልቸር የሚሠራው ተዳፋት ቢያንስ 5.4 ሜትር ይርዘም። ባጠረ ቁጥር ማንም ሳይገፋው የማይወጣ ቁልቁለት ይሆናል።

ስለ ሕንፃው ጤንነት ሦስት ነገር ብቻ እንበል። በዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤት ክረምት ሲመጣ አፈሩ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ከመስኮትና ከበር ጥግ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀን መጻፍና ከሰኔ እስከ ጥር መከታተል ገንዘብ አይፈጅም። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም ይንቀሳቀሳል፤ ልስንና ቀለም ገንዘብ መጣል ነው። ሁለተኛ፣ በነባር ምድር ቤት ላይ አንድ ፎቅ እንጨምር የሚል ካለ ከመሠረቱ ጎን ይቆፈርና የመሠረቱ ጥልቀትና የኮንክሪቱ ሁኔታ በመሐንዲስ ይታይ፤ ለአንድ ወለል የተሠራ ኮለን (ምሰሶ) ሁለት አይሸከምም። ሦስተኛ፣ የባህር ዛፍ ጣሪያ ላይ የበሰበሰና ምስጥ የበላው እንጨት ሳይለወጥ አዲስ ቆርቆሮ አይመታ። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃም በአሸንዳና በቦይ ካልተወሰደ የጭቃውን ግድግዳ ከሥር እየበላ ይጥለዋል።

ይህ ሁሉ ታውቆ እንኳ ሥራው የሚበላሸው በቀን መቁጠሪያው ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥናቱና ጨረታው ከሐምሌ በኋላ ከተጀመረ ተቋራጩ ግቢ የሚገባው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆች እየተማሩ፣ ሲሚንቶው ውሃ ሳይጠጣ፣ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ ይሮጣል። ጣሪያው የሚነቀለውም ደመናው ሲከብድ ነው። ስለዚህ ቆጠራውና የቤቶቹ ፍተሻ በጥቅምትና በኅዳር ይሠራ፣ ንድፉና የሥራ ዝርዝሩ እስከ የካቲት ይለቅ፣ የጨረታ ሰነዱ ለሐምሌ 1 ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ያኔ ተቋራጩ ዝናቡ እንዳባራ ጥቅምት ላይ መሠረት ይጀምራል። መሠረት፣ ግድግዳና ጣሪያ በበጋ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ክልል ውስጥ ይሠሩ፤ የወለል፣ የመብራት፣ የቀለምና የዴስክ ሥራ ደግሞ ለክረምቱ ዕረፍት ይቆይ። ነባር ክፍሎች የሚታደሱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ለዚህም ከተሰበረ ዴስክና ከአሮጌ መጽሐፍ ያስለቀቅናቸው ሁለት ክፍሎች ተረኞቹን ልጆች ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ክፍያ ለሽንት ቤቱ፣ ለውሃው መስመርና ለቦዩ ይመደብ፣ ብሎኩ ከዚያ ይከተል።

ጊዜያዊ ርክክቡ አስቀድሞ ቢፈጸምም የመጨረሻው ርክክብ፣ ከተቋራጩ ክፍያ የተያዘው ገንዘብም ሳይለቀቅ፣ ክረምት ካለፈበት በኋላ ይሁን። ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት)፣ ርዕሰ መምህሩና መሐንዲሱ ነሐሴ ላይ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ግቢውን ይዙሩ፤ የትኛው አሸንዳ እንደሚፈስ፣ ውሃው ከየትኛው ግድግዳ ሥር እንደሚቋጥር፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጎርፍ ይገባበት እንደሆነ በዓይናቸው አይተው ይጻፉ።